ጨዋ አድርጌ ያሳደግሁት ፕሮግራም

ጁባ ስገባ ስልሳ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። በዚያ ዕድሜ የደረሰ ሰው ወይ ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ መቋሚያ ይደገፋል። እኔ ሁለቱም አልሆነልኝምና ፕሮግራም ልጽፍ ሄድኩ። ኮምፒውተርን የተዋወቅሁት አንድ ክፍል የሚሞላ ብረት በነበረበት ጊዜ፣ ካርድ ላይ ቀዳዳ እየበሳን ስናዘው ነው። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ «የሱ ዘመን ኮምፒውተር በከሰል ነበር የሚሠራው» እያሉ ይስቁብኛል። ሐሰት ነው። በከሰል አይሠራም ነበር። እንደ ከሰል ምድጃ ይሞቅ ነበር፣ ያን አልክድም።

የቀጠረኝ ትንንሽ አውሮፕላኖችን ወደ ደቡብ ሱዳን ገጠር የሚልክ የእርዳታ ድርጅት ነው። ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2017 ነው። በዝናብ ወራት መንገድ የሚባል ነገር ስለማይኖር፣ ሐኪሙም መድኃኒቱም የዓሣ መረቡም በጠና የታመመውም ሰው የሚመላለሰው በአየር ነው። አውሮፕላኖቹ የሚያርፉበት ሜዳ ደግሞ አስፋልት አይምሰላችሁ፤ ዋልካ ነው። ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። ግማሽ ሰዓት ዝናብ ከጣለበት ግን ጎማ ይውጣል፣ የዋጠውንም ለሳምንት አይመልስም።

የኔ ሥራ ከየገጠር ጣቢያውና ከየቢሮው የሚመጣውን የበረራ ጥያቄ ተቀብሎ አውሮፕላንና ማረፊያ የሚመድብ ፕሮግራም መጻፍ ነበር። ጥያቄው አንድ በአንድ ቢመጣ ኖሮ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። ግን አሥሩም ባንድ ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ውስጥ ብዙ ሠራተኛ ባንድ ጊዜ መሮጥ አለበት፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ጥያቄ ይዞ። በሙያችን ትሬድ ይባላሉ። አንድ ቤት የሚሠሩ አሥር አናጢዎችን አስቡ። አሥር መዶሻ ካለ ቤቱ ቶሎ ያልቃል። መዶሻው አንድ ከሆነ ግን ከቤቱ በፊት የሚያልቀው የሰዎቹ ፍቅር ነው።

ለዚህ ችግር ከኛ በፊት የነበሩ ብልሆች መላ አዘጋጅተዋል፤ ዲዛይን ፓተርን ይሉታል። ልብስ ሰፊ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሱሪን እንደ አዲስ አይፈለስፍም። ግድግዳው ላይ የሰቀላቸው የካርቶን ቅዶች አሉት፤ አንዱን አውርዶ ጨርቁ ላይ ያነጥፋል። የኛም እንደዚያ ነው። ጭንቁ ምርጫው ላይ ነው፤ የወፍራሙን ቅድ ለቀጭኑ ካነጠፍክ ጥፋቱ የጨርቁ አይደለም።

አትላባራ በሚባለው የጁባ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ሁለት ሳምንት ሙሉ ቅድ ሳማርጥ ከረምኩ። በመጨረሻ የመረጥኩት የቁልፍ ዘዴ የሚባለውን ነው። አንድ ጥያቄ አውሮፕላኑን ሲፈልግ ይቆልፈዋል፣ ማረፊያውንም ይቆልፈዋል፣ ሁለቱን ከያዘ በረራው ጸደቀ ማለት ነው። አደጋውን አውቀዋለሁ። አንዱ አውሮፕላኑን ይዞ ማረፊያውን ሲጠብቅ፣ ሌላው ማረፊያውን ይዞ አውሮፕላኑን ከጠበቀ፣ ሁለቱም እስከ ምጽአት ይተያያሉ። እኔ ታዲያ ብልህ ነኝና መድኃኒቱን ጨመርኩበት፦ ሁለተኛውን ቁልፍ ያጣ ሠራተኛ የያዘውን የመጀመሪያውን ይልቀቅ፣ ትንሽ ይታገሥ፣ እንደገና ይጠይቅ። የትዕግሥቱንም ልክ ለሁሉም እኩል አደረግሁት። አንዳንድ ባለሙያ ጊዜውን በዕጣ አለያዩት ይላል። እኔ የአውሮፕላን ነገር በዕጣ አይወሰንም ብዬ ተኮፈስኩ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ስግብግብ ያልሆነ፣ የያዘውን ለሌላው የሚለቅ፣ ጨዋ ፕሮግራም። ልጆቼን እንኳ እንዲህ አድርጌ አላሳደግኋቸውም።

ድርጅቱ ውስጥ እኔን የሚመስል አንድ ሌላ የአገሬ ሰው ነበር፣ የበረራ ኃላፊው። አውሮፕላን የሚመድበው እሱ ነው። ዕድሜው ከኔ በወራት ቢያንስ ነው፤ እሱ ግን በዓመታት ነው ይላል። ፕሮግራሙን ሳሳየው መነጽሩን አውልቆ፣ «ይህ ነገር እንዳንተ ያረጀ ነው ወይስ ይሮጣል?» አለኝ።

«ይሮጣል።»

«እንግዲያው ያንተ አይደለም።»

ተሳስቀን ሥራ አስጀመርነው። እኔም ድሌን ላጸና አለቃችን ዘንድ ገብቼ፣ ከእንግዲህ በወረቀት አውሮፕላን መመደብ ይቅር፣ ሁሉም በፕሮግራሙ በኩል ይለፍ የሚል ትእዛዝ አስወጣሁ። ትእዛዙን ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ይህን ደግሜ የምናገረው በኋላ ሌላ ሰው ላይ እንዳላላክክ ነው።

ትእዛዙን ያልወደደችው የሬዲዮ ክፍሏ ሠራተኛ ብቻ ነበረች። በአርባዎቹ ያለች የአገሩ ሴት ናት፤ ጋምቤላ አድጋ፣ አዲስ አበባ ተምራ የተመለሰች። ኮር ዊሊያም ከሚባለው የጁባ ሰፈር በሞተር ሳይክል ተጭና ትመጣና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የጆሮ ማዳመጫዋን ትሰካለች። አማርኛዋ ከኔ ይፈጥናል፣ መሐል መሐሉ ላይ የጁባ አረብኛ ጣል ታደርግበታለች። «ጋሼ» እያለች አንተ ትለኛለች። አንቱታን የምታስታውሰው ስትቆጣ ብቻ ነው። የገጠር ጣቢያዎቹ ኢንተርኔት ስለሌላቸው ጥያቄያቸውን ለሷ በሬዲዮ ይናገራሉ፣ እሷ ፕሮግራሙ ላይ ትሞላለች። የትእዛዙን ማስታወቂያ ስሰጣት አንብባ፣ «ማሌሽ» አለች። ግድ የለም፣ ይሁን ማለት ነው። አነጋገሯ ግን እንደዚያ አይልም ነበር።

አንድ የሐምሌ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከሰሜን ምሥራቅ አንድ ጣቢያ የነርስ ድምፅ መጣ። ሬዲዮ ላይ የሚነገረው በእንግሊዝኛና በአረብኛ ነው፤ እኔ እዚህ ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ። አንዲት እናት ምጥ ላይ ሁለተኛ ቀኗን ይዛለች፤ ልጁ በጎን ነው የተኛው፤ እዚያ የሚቀድ ሐኪም የለም። ማረፊያው ደረቅ ነው፣ ግን ደመናው በምሥራቅ ቆሟል፤ እስከ ስድስት ሰዓት ቢቆይ ነው። አውሮፕላን እዚያ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ሒሳቡ ለሕፃን ግልጽ ነው።

ጁባ ላይ የቀረችው አውሮፕላን አንዲት ነበረች፣ ባለ አንድ ሞተሯ። የሬዲዮ ሠራተኛዋ ጥያቄውን ሞላች። በዚያው ቅጽበት ሌላ ቢሮ ለዚያው ጣቢያ፣ በዚያችው አውሮፕላን የሚላክ የዓሣ መረብ ሞልቶ ነበር።

ስክሪኑ ላይ «በመጠበቅ ላይ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። አጠገቡ ያደረግሁት ትንሽ አረንጓዴ ክብ መዞር ጀመረ። ዞረ። ዞረ። የበረራ ኃላፊው እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«እያሰበ ነው?» አለኝ።

«እያመዛዘነ ነው።»

አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ መጮህ ያዘ። የዓሣ መረቡን እንሰርዘው ብለን «ሰርዝ» የሚለውን ተጫንን። ለመሰረዝም ቁልፍ ያስፈልገዋል፤ እሱም ገባና በጨዋነት ይጠብቅ ጀመር። አስቸኳይ የሚል ምልክት አለው አይደል ትሉኝ ይሆናል። አለው። ማን እንደሚቀድም የሚታየው ግን ሁለቱም ቁልፍ ከተያዘ በኋላ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስብ የኔ ዓይነት ጭንቅላት ብቻ ነው።

በሬዲዮ ክፍሉና በበረራ ክፍሉ መካከል ያለችው ትንሽ መስኮት ተከፈተች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩኝ፤ አውሮፕላኑ የታለ?»

አንቱ አለችኝ።

ፕሮግራሙ የሚሠራውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ ከፈትኩ። መስመሮቹ እንደ ዝናብ ይወርዳሉ። የዓሣ መረቡ አውሮፕላኗን ይዟል፤ ማረፊያው ተይዟል፤ አውሮፕላኗን ለቀቀ። የእናትየዋ ጥያቄ ማረፊያውን ይዟል፤ አውሮፕላኗ ተይዛለች፤ ማረፊያውን ለቀቀ። እኩል ታገሡ። እኩል ተመለሱ። እንደገና ያዙ፣ እንደገና ለቀቁ። የጭነት ቅጹ ከአውሮፕላን እንዲጀምር፣ የሕመምተኛው ቅጽ ከማረፊያ እንዲጀምር ያደረግሁት እኔው ነኝ፤ ጭነት የሚጠይቅ መጀመሪያ የሚሸከም ይፈልጋል፣ ሕመምተኛ የሚጠይቅ መጀመሪያ ሊታረፍ ይቻላል ወይ ይላል ብዬ። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ይመጡና መሐል ላይ ይገናኛሉ።

የበረራ ኃላፊው በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብሎ አነበበ።

«አንተ!» አለ። «ይህ እኮ እኔና አንተ ነን፤ የምግብ አዳራሹ በር ላይ!»

እውነቱን ነው። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ እኔና እሱ በር ላይ ስንገናኝ ማንም ቀድሞ አይገባም። ግባ። ኧረ አይሆንም፣ አንተ ግባ። በሞቴ። በፍጹም። እሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ እኔም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ከዚያ ሁለታችንም ባንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ ተጋጭተን ይቅርታ፣ እንደገና ወደ ኋላ። ከኋላችን የቆሙት ኡጋንዳውያን አብራሪዎች ሳህን ይዘው በረሃብ ያልቃሉ። ያንን ነበር ቃል በቃል ለኮምፒውተር ያስተማርኩት። ልዩነቱ፣ እኛ ሲርበን አንዱ ይገባል። ፕሮግራም አይርበውም።

ኃላፊው ሊስቅ ጀመረና እናትየዋ ትዝ ስትለው አፉን በእጁ ያዘ።

«አሥር ደቂቃ ስጡኝ፣ አስተካክለዋለሁ» አልኩ።

«አሥር ደቂቃ የለኝም» አለች በመስኮቷ። «ከላስ። በቃ።» ከማስታወሻ ደብተሯ የተቀደደች ትንሽ ወረቀት አሾለከች። የጣቢያው ስም፣ የሴትየዋ ሁኔታ፣ የደመናው ነገር፣ ሰዓቱ። ሁሉ አላት። ትእዛዙ ከወጣ ጀምሮ መጻፏን አላቋረጠችም ነበር።

የበረራ ኃላፊው እኔን አየ። እኔ መሬቱን አየሁ። ተነሥቶ አቧራ የጠጣውን ነጭ ሰሌዳ በሸሚዙ እጅጌ ጠረገና በሁለት መስመር ጻፈበት፤ ወረቀቷን ፈርሞ በመስኮቷ መለሰ። ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ አውሮፕላኗ በጣሪያችን ላይ አለፈች። ፕሮግራሙን ዘጋነው፤ የቀኑ ሥራ በወረቀት ቀጠለ።

እኔ ላፕቶፔን ታቅፌ ቀረሁ። ዶሮ ጠባቂ ቀበሮ እንኳ እንደዚያ አያፍርም። ከዚያ በመስኮቷ በኩል ድምፅ መጣ።

«ጋሼ፣ ና ግባ። ወንበር አለ።»

ከአንቱ መልሳ ወደ አንተ አወረደችኝ። ሹመት የተመለሰልኝ ያህል ነበር።

እዚያ ክፍል ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ገብቻለሁ። ምን ምን ቅጽ ትሞያለሽ፣ ስንት ጥያቄ ይመጣል ብዬ ጠይቄአታለሁ፣ ጽፌአለሁ። እንዴት እንደምትሠራ ግን ተቀምጬ አይቼ አላውቅም። አንዲት ሴት፣ አንድ ሬዲዮ፣ አንድ እርሳስ። ምን የሚታይ አለው?

ተቀመጥኩ። አየሁ። እስከ ዛሬ ስናገረው ሰውነቴ ይነዝረኛል።

ሃያ ከሚያልፉ ጣቢያዎች ሃያ የሚያልፉ ሰዎች ባንድ ሞገድ ላይ ናቸው። አንዱ ሲናገር ሌላው ከተናገረ የሁለቱም ቃል ድመት ከቆርቆሮ ስር እንደምትጮኸው ይሆናል፤ ማንም አይሰማም። እሷ በተራ ትጠራቸዋለች። የተጠራው ይናገራል። የተናገረውን መልሳ ታነብለታለች፣ «ተማም» ይላል፣ ልክ ነው። ያን ጊዜ ብቻ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ትጽፋለች። ወረቀቷን በመስኮቷ ታሾልካለች፤ መልሱን ግን አትጠብቅም። ወዲያው ቀጣዩን ትጠራለች። የበረራ ኃላፊው በራሱ ሰዓት ያነባል፣ በራሱ ሰሌዳ ይወስናል፣ ወረቀቷ መልስ ተጽፎባት ስትመለስ እሷ በጣቢያው ተራ ትነግረዋለች። ማንም ማንንም ቆሞ አይጠብቅም። ማንም ምንም አይይዝም። ሃያ ሰው ባንዲት ጠባብ በር ላይ ያለ ግፊያ ሲያልፍ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየሁ።

መሐል ላይ አንዱ ጣቢያ ተራውን ሳይጠብቅ ሌላውን ጠራ፤ «ነዳጁን እኔ እወስዳለሁ፣ ነገ እመልስልሃለሁ» ሊለው።

«አስቡር!» አለች። ቆይ ማለት ነው። «ለሱ አይደለም፣ ለኔ ንገረኝ።»

«ለምን?» አልኳት ወንበሬን ጠጋ አድርጌ። «ሁለቱ ቢስማሙ ያንቺ ሥራ አይቀልም?»

የጆሮ ማዳመጫዋን ካንድ ጆሮዋ አነሣች። «ሁለቱ እኔ ሳላውቅ ይስማማሉ። ከዚያ እኔ አለ ብዬ የጻፍኩት ነዳጅ የለም። አብራሪው የኔን ጽሑፍ አምኖ ይሄዳል። ገባህ ጋሼ?»

ገባኝ። ስለዚህ ነገር ወፍራም መጽሐፍ ገዝቼ፣ ምዕራፉን አስምሬበት፣ አሁን ካንድ ዓረፍተ ነገር ገባኝ።

«እሺ፣ ሁለት ጣቢያ አንዲት አውሮፕላን ቢፈልግስ? ማን ይያዛት?»

ዞራ አየችኝ። አስተያየቷ፣ ጨው ለምን ይሆናል ብሎ የጠየቀ ሰው የሚታይበት ዓይነት ነው።

«እነሱ ምን አግብቷቸው ይይዟታል? ይጠይቃሉ እንጂ። አውሮፕላኗ የሱ ናት» አለች፣ በአገጯ ወደ መስኮቷ እያመለከተች። «እሱ አንድ ሰው ነው። ወረቀት ያነባል፣ ይጽፋል። ሁለት እጅ ሰሌዳው ላይ አይጽፍም። አንተ ግን ለጠያቂው ሁሉ ቁልፍ ሰጠኸው።»

አርባ ዓመት በዚህ ሙያ ቆይቻለሁ። የተማርኩትም ያስተማርኩትም ቁልፉን ማን ቀድሞ ይያዝ፣ እንዴት ይያዝ፣ መቼ ይልቀቅ የሚል ነበር። ጠያቂ ለምን ቁልፍ ይይዛል ብሎ መጠየቅ እንደሚቻል አልታየኝም። ማለቴ፣ መጽሐፉ ውስጥ አለ። ቅዱም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፦ ለእያንዳንዱ ንብረት አንድ ባለቤት፣ ለባለቤቱ አንድ የመልእክት ሳጥን፣ ሌላው ሁሉ መልእክት ይላክ። አንብቤው አልፌዋለሁ፤ ለሰነፍ የተሠራ መስሎኝ። ከኔ ጠረጴዛ አሥር እርምጃ ላይ ግን በየቀኑ እየተሠራበት ነበር። ሻዬን ይዤ በዚያች መስኮት ፊት ስንቴ አለፍኩ!

«ማን አስተማረሽ?»

«ምኑን?»

«ይኼን ሁሉ።»

«ሁለት ሰው ባንድ ላይ ሲያወራ አይሰማም። ይኼ ትምህርት አለው?» የጻፈቻትን ወረቀት በመስኮቷ አሾለከችና፣ «ልጅ ሆኜ ጋምቤላ የስደተኞች ሬዲዮ ክፍል በር ላይ እቀመጥ ነበር፤ የሰው ስም ሲጠራ የአባቴን እጠብቃለሁ። ስትጠብቅ ሁሉን ትሰማለህ» አለች። አባቷ ይጠራ አይጠራ አልነገረችኝም፣ እኔም ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ቀጣዩን ጣቢያ ጠራች።

ላግዛት ብዬ፣ ወረቀት ልጽፍላት እርሳሷ ላይ እጄን ዘረጋሁ። እጄን ቸብ አደረገችው።

«እርሳሱን ተው ጋሼ። አንድ ነው።»

«ሁለት ቢሆን እኮ ይፈጥናል።»

«ጠዋትም የሚይዙት ሁለት ነበሩ» አለች።

ከመስኮቷ ማዶ የበረራ ኃላፊው ሳቅ ተሰማ። ጆሮውን ጥሎ ሲያዳምጥ ቆይቷል ሽማግሌው።

አምስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን «ብሬክ፣ ብሬክ» የሚል ድምፅ የሌላውን ጣቢያ ንግግር ቆረጠ። ይህን ማለት የሚፈቀድለት ነፍስ የተያዘበት ብቻ ነው። ሁሉም ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ባዶው ሞገድ ብቻ ሲያፏጭ ይሰማል። ሃያ ቦታ ሃያ ሰው እጁን ከሬዲዮው ላይ አንሥቶ እንደሚያዳምጥ ሳስብ ጸጉሬ ቆመ፤ የቀረችኝ ጥቂቷ።

ነርሷ ናት። አውሮፕላኗ አርፋለች፣ እናትየዋን በቃሬዛ እየጫኗት ነው፣ ግን ማካፋት ጀምሯል።

«ሰማሁ። ማካፋት ጀምሯል። ጫኑ» አለች የኛዋ፤ ድምፅዋ ነዳጅ ሲወራ ከነበረው ቅንጣት አልተለወጠም። የእግሯ ጣት ብቻ ከጫማዋ ወጥቶ የጠረጴዛውን እግር ጨብጧል። ያየሁት እኔ ነኝ፤ አቀርቅሬ ስለነበር።

የሰዓቱ ቆጣሪ ሲዞር አየዋለሁ። አንድ ደቂቃ። ሦስት። እኔ በልቤ ያንን አረንጓዴ ክብ እረግማለሁ፤ ሃያ ምናምን ደቂቃ የበላሁት እኔ ነኝ፤ ጎማው ከተያዘ የያዘው ዋልካው አይደለም፣ እኔ ነኝ።

«ተነሥቷል» አለች ነርሷ። «ጭቃውን እየረጨ ተነሥቷል።»

«አምስት ሰዓት ከሃያ ሁለት፤ ተነሥቷል» ብላ መልሳ አነበበችላት፤ ጻፈች። ከዚያ ንግግሩ የተቆረጠበትን ጣቢያ ስለ ሳሙና ካርቶኑ ካቆመበት ቃል ጀምሮ እንዲቀጥል ፈቀደችለት። ከአፉ የወጣውን የመጨረሻ ቃል ታውቀው ነበር።

አውሮፕላኗ ስትመለስ በነበረችበት ሰዓት እኔ ጉልበቴ ላይ ባለው ላፕቶፕ አዲሱን ንድፍ ጀመርኩ። ለያንዳንዱ አውሮፕላን አንድ ባለቤት፤ ለማረፊያዎቹም እንዲሁ። ጠያቂዎቹ ወረቀት ይጥላሉ፣ ይሄዳሉ። ባለቤቱ አንዱን አንሥቶ ይጨርሳል፣ ከዚያ ሌላውን። ብሬክ ያለ ከላይ ይቀመጣል። ሁለቱንም ለሚፈልግ በረራ ደግሞ የሚጠይቀው አንድ መልእክተኛ ብቻ ነው፣ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል። በኋላ ጽፌ ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ሲያልቅም ከቀድሞው ግማሹን አይሞላም። አለቃችን ዘንድ ዳግመኛ ገብቼ ትእዛዙ ይሻር፣ የሷ ወረቀት ይቀጥል፣ ፕሮግራሙም ከሷ መዝገብ ጋር በየቀኑ ይመሳከር አልኩ። ተሻረ። የኔ ፕሮግራም ከሷ ደብተር ሲለይ ይታረም የተባለው ፕሮግራሙ ነው። ደብተሩ ተሳስቶ አላገኘሁም፤ ተስፋ ግን አልቆረጥኩም።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀር አውሮፕላኗ ጁባ ገባች። እናትየዋን አምቡላንስ ተቀበለቻት፣ ሆስፒታል ወሰደቻት። ከዚያ በኋላ ወሬ የለም። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እኔ ምሳ አልበላሁም። የበረራ ኃላፊውም አልበላም፤ በር ላይ ቆመን የምንከባበርበት ሆድ ያን ቀን አልነበረንም። ነርሷ በየዙሩ ተራዋ ሲደርስ ትጠይቃለች። የኛዋ «እስካሁን የለም» ትላለች። ነርሷም «የለም፣ ሰማሁ» ብላ ትመልሳለች።

አሥር ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። የበረራ ኃላፊው አነሣ፣ አዳመጠ፣ ወረቀት ላይ ጻፈ። በመስኮቷ ሰጣት። አነበበችው። ከትከሻዋ በላይ አንገቴን አስግጌ እኔም አነበብኩት።

በዚያን ጊዜ ተራው የሌላ ጣቢያ ነበር። አንድ ሰው የጠየቀው የአጎበር ብዛት አልደረሰም እያለ በዝርዝር ያስረዳል።

«ንገሪያቸው እንጂ!» አልኳት። «ብሬክ በይ!»

«ብሬክ ለክፉ ነገር ነው» አለች። «የምሥራች ተራ መጠበቅ ይችላል።»

ሦስት ጣቢያ ቀረ። ሁለት። እኔ ወንበር ላይ እንደ ተማሪ እቁነጠነጣለሁ። አንድ። ከዚያ የነርሷን ጣቢያ ጠራች፣ ጠዋት በጠራችው በዚያው ድምፅ።

«ጻፊ። ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። እናት ደህና ናት። ሴት ልጅ ናት፤ ታለቅሳለች። አንብቢልኝ።»

ነርሷ ማንበብ ጀመረች። «ቀዶ ጥገና… ተደርጎላታል። እናት ደህና። ሴት ልጅ…» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ከኋላዋ የብዙ ሰው ሁካታ ይሰማል። «ታለቅሳለች» ብላ ጨረሰች።

የሬዲዮ ሠራተኛዋ እርሳሷን ወረቀቱ ላይ አስቀምጣ ነበር። ቃሉን ሁሉ ጽፋዋለች፣ ሰዓቱን ጭምር። ዓይኗን ጨፈነች፣ የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫነች።

«አልተሰማም» አለች። «ድገሚልኝ።»

እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ጥርት ብሎ ነው የተሰማው።